ከክዳኑ በታች ያለው ሙቀት፦ በባሮ ዳር ዓሣን በከሰልና በጭስ ስለማድረቅ



የዛሬው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ የጓዳ እንጂ የአዳራሽ ጉዳይ መስሎ ይታይ ይሆናል። ዓሣን በጭስ ማጠን ምን ንግግር ይሻል? እሳት ይነዳል፣ ጭስ ይወጣል፣ ዓሣው ይደርቃል። ይሁን እንጂ በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ንግግሬም በሙሉ ያንን ጥያቄ የሚከተል ነው። አንድ ዓይነት ዓሣ፣ በአንድ ዓይነት እንጨት፣ በአንድ ርብራብ ላይ ታጥኖ አንዱ ጊዜ ሳምንታትን ሲቆይ፣ ሌላው ጊዜ በሦስተኛው ቀን የሚሸተው ለምንድን ነው? ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም ቡናማ ናቸው። በእጅ ሲነኩም ሁለቱም ደረቅ ናቸው። ልዩነቱ ያለው ዓይንም ጣትም በማይደርስበት ቦታ ነው።

የጥያቄውን ክብደት ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገኝም። ባሮ፣ አልዌሮ፣ ጊሎና አኮቦ ቆሮሶውን፣ አምባዛውን፣ ናይል ፐርቹንና ሌላውንም ዓሣ ይሰጡናል። ነገር ግን በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ በሚችልበት አገር፣ በረዶ ያላገኘ ዓሣ ዕድሜው በሰዓታት የሚቆጠር ነው። አኙዋውም ኑዌሩም ከጥንት ጀምሮ ዓሣን በፀሐይና በጭስ ማቆየታቸው ከዚሁ የመነጨ ጥበብ ነው። ዓሣው ሲበላሽ የአጥማጁ ሌሊት፣ የተቆረጠው ዛፍና የሻጯ እናት የቀን ገቢ አብረው ይጠፋሉ። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሳይሸት በልቶት ሰው የሚታመምበት ዓሣ ነው።

በመጀመሪያ ስለ እሳቱ እንነጋገር። አማርኛ ለዚህ ሥራ እጅግ የሚስማማ አንድ ቃል አለው፤ እርሱም መዳፈን ነው። ማታ እራት ከተሠራ በኋላ ፍሙ ይሰበሰባል፣ አመድ ይለብሳል፣ ያድራል። ጠዋት አመዱ ሲገለጥ እሳቱ በሕይወት አለ። የዳፈነችው ሴት ያደረገችውን ልብ ብለን እንመርምር። ማገዶ አልቀነሰችም፤ ውኃም አላርከፈከፈችም። የቀነሰችው አየርን ነው። አንድ ምድጃ ፍም በአንድ ሰዓት ነድዶ ሊያልቅ ይችላል፤ ወይም አሥር ሰዓት ሊያድር ይችላል። የከሰሉ መጠን ያው ነው። የሚለያየው ኦክስጂን የሚደርስበት ፍጥነት ብቻ ነው። እንግዲህ በከሰል ላይ ሙቀትን መቆጣጠር ማለት በዋናነት አየርን መቆጣጠር ማለት ነው።

ከሰል አክሳዩም ይህንኑ ያውቃል። እንጨቱን ደርድሮ፣ ሣርና አፈር አልብሶ፣ በጥቂት ቀዳዳዎች ብቻ አየር እንዲገባ ያደርጋል፤ ከዚያም የጭሱን ቀለም እያየ አንዱን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ሌላውን ይከፍታል። ወፍራሙ ነጭ ጭስ የውኃ ተን መሆኑን ያውቃል፤ ጭሱ ሲሳሳና ወደ ሰማያዊነት ሲያደላ ሥራው ወደ ማለቁ እንደተቃረበ ይረዳል። ቴርሞሜትር የለውም፤ ነገር ግን የሚያነበው ነገር አለው። በከሰል ጉዳይ መጻፍ የምንወድ ሰዎች ስለ ደን ጭፍጨፋው ብዙ ብለናል፤ ተገቢም ነው። ስለ አክሳዩ ዕውቀት ግን ከሚገባው በታች የጻፍን ይመስለኛል።

ይህ ዕውቀት ወደ ማጠኛ ምድጃ እንዲዛወር የሚያስፈልገው ነገር አንድ ነው፤ እርሱም ክዳን ነው። በተለምዶ ዓሣ የሚታጠነው ከክፍት እሳት በላይ በተዘረጋ ርብራብ ላይ ነው። እሳቱ ከአራቱም አቅጣጫ የፈለገውን ያህል አየር ይወስዳል። ነፋስ ሲነሣ ይንቦገቦጋል፤ ነፋስ ሲተኛ ያንቀላፋል። እዚህ ላይ ሙቀትን የሚቆጣጠረው ሰው ሳይሆን የወንዙ ነፋስ ነው። በቺካጎ በአንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ጆርጅ ስቲቨን በ1952 እ.ኤ.አ. የገጠመው ችግር ከዚህ ብዙም የራቀ አልነበረም። ክፍት መጥበሻው ለነፋስ የተጋለጠ ስለነበረ፣ ፋብሪካው ይሠራው የነበረውን ቡይ የሚባለውን የመርከቦች ተንሳፋፊ ምልክት ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ግማሽ ምድጃ፣ ሌላውን ግማሽ ክዳን አደረገው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው ክብ የከሰል መጥበሻ የተወለደው እንዲህ ነው። ከታች የአየር መግቢያ፣ ከላይ የጭስ መውጫ አለው። ይህን ለመሥራት ፋብሪካ አያስፈልግም። ለቁመቱ የተሰነጠቀ ባለ 200 ሊትር የዘይት በርሜል፣ ማጠፊያ፣ ከታች በቆርቆሮ የሚንሸራተት መዝጊያ ያለው ቀዳዳ፣ ከላይ አጭር የጭስ ማውጫ፤ ማንኛውም የብየዳ ቤት በአንድ ቀን ይሠራዋል። በርሜሉ ግን ቀድሞ ምን እንደያዘ መታወቅ አለበት፤ የኬሚካል በርሜል ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ዘይት የያዘውም ቢሆን በባዶው በኃይለኛ እሳት ተቃጥሎ ቀለሙና ቅሪቱ መልቀቅ ይኖርበታል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልግባ። ክዳን ያለው ምድጃ አገኘን እንበል፤ ቴርሞሜትርም ሰካንበት፤ 60 ዲግሪ ያሳያል። ዓሣው ስንት ዲግሪ ነው?

አብዛኛው ሰው 60 ወይም ወደዚያ የተጠጋ ቁጥር ይገምታል። ትክክለኛው መልስ ግን እጅግ የራቀ ነው። የሸክላ እንስራ በጋምቤላ ቀትር ውኃውን የሚያቀዘቅዘው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በገላው ላይ ያላበው ውኃ ሲተን ሙቀትን ይዞ ይሄዳል። እርጥብ ዓሣ በሞቃት አየር ውስጥ እንደ እንስራው ነው። ከአየሩ የሚቀበለው ሙቀት በሙሉ ማለት ይቻላል ውኃውን ለማትነን ይውላል፤ ሥጋውን ለማሞቅ የሚተርፍ የለም። ይህን በቁጥር ማስላት ይቻላል። በክረምት የውጭው አየር 30 ዲግሪ ሙቀትና 80 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት አለው እንበል። ይህ አየር ወደ ምድጃው ገብቶ እስከ 60 ዲግሪ ሲሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 17 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በእንዲህ ያለ አየር ውስጥ የእርጥብ ነገር ገጽ የሚረጋበት ሙቀት 33 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። አየሩን ወደ 80 ዲግሪ ብናሳድገውስ? የዓሣው ገጽ 36 ወይም 37 ዲግሪ ላይ ይቆማል። ሃያ ዲግሪ ጨምረን ያተረፍነው ሦስት ተኩል ዲግሪ ብቻ ነው ማለት ነው።

እርግጥ ከፍሙ በቀጥታ የሚያርፈው ጨረር ይህን ቁጥር ከፍ ያደርገዋል፤ ከማገዶው የሚወጣው ተንም እንዲሁ። ነገር ግን የነገሩ አቅጣጫ አይለወጥም። ገጹ እርጥብ እስከሆነ ድረስ፣ ቴርሞሜትሩ 60 ወይም 80 ቢያሳይም፣ ዓሣው ራሱ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ተቀምጧል። ይህ ደግሞ ለሰው ጎጂ የሆኑ አብዛኞቹ ተሕዋስያን ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ክልል ነው። እኛ "እየታጠነ ነው" ብለን የተውነው ዓሣ በዚያ ሰዓት እየተፈለፈለበት ሊሆን ይችላል።

በአሜሪካ የበሬ ደረት ሥጋን ለረጅም ሰዓት በጭስ የሚያበስሉ ሰዎች ይህንኑ ክስተት በሌላ መልኩ ያውቁታል። የሥጋው የውስጥ ሙቀት 65 ወይም 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ለብዙ ሰዓት ንቅንቅ ሳይል ይቆማል፤ ጀማሪው ደንግጦ ከሰል ይጨምራል። ሥጋው የቆመው ግን ላቡ ስላቀዘቀዘው ነው። የእነርሱ ዓላማ ጠንካራውን ጅማት በቀስታ ማለስለስ ስለሆነ መዘግየቱ ብዙም አይጎዳቸውም። የእኛ ዓላማ ሌላ ነው፤ የዓሣ ጅማት ከበሬው እጅግ ባነሰ ሙቀት ይለሰልሳል። እኛ የምንሻው ውኃውን ማውጣትና ዓሣውን ማቆየት ነው። ስለዚህ መሣሪያቸውን ስንወስድ ልማዳቸውን ሁሉ አብረን መውሰድ አይገባንም። ለምሳሌ ሙቀቱን ለማረጋጋት በምድጃው ውስጥ ውኃ የሞላ መጥበሻ ያስቀምጣሉ። ሙቀቱን ማረጋጋቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን አየሩን ያረጥባል፤ አየሩ ሲረጥብ የዓሣው መድረቅ ይዘገያል፤ እኛ ልንሸሸው የምንፈልገውም ይኸው ነው። ሙቀትን ለማረጋጋት ድንጋይ ወይም አሸዋ የሞላ ድስት ይበቃናል።

"እንግዲያውስ ዓሣው እንዳይዘገይ በኃይለኛ እሳት ጀምረን ቶሎ እናድርቀው" የሚል ሰው ይኖራል። ሦስተኛው ቀን ላይ የሚሸተው ዓሣ የሚወለደው ከዚህ ሐሳብ ነው። እሳቱ ከመጠን በላይ ሲበረታ ውኃ ከገጹ የሚተንበት ፍጥነት ከውስጥ ወደ ገጹ ከሚደርስበት ፍጥነት ይበልጣል። ገጹ ይደርቅና ቅርፊት ይሠራል፤ ቅርፊቱም የውስጡን ውኃ እንደ ክዳን ያፍነዋል። ከውጭ ያማረ፣ ሲነካ የሚያንኳኳ፣ ከውስጥ ግን እርጥብ ዓሣ ይኸውላችሁ። ለገበያ ይወጣል፣ ይገዛል፣ ከሁለት ቀን በኋላ የውስጡ እርጥበት ቀስ ብሎ ወደ ቅርፊቱ ይዛመትና ሻጋታና ሽታ ይጀምራል። ሻጯም ዓሣ አጥማጁን ትወቅሳለች፤ ዓሣ አጥማጁ ደግሞ አጣኟን።

ስለዚህ መንገዱ በሁለት ገደሎች መካከል የሚሄድ ነው። እጅግ ቀዝቃዛ ከሆነ ዓሣው ሳይደርቅ ይበላሻል፤ እጅግ ሞቃት ከሆነ ሳይደርቅ ይታፈናል። በአውሮፓ የማጠኛ መመሪያዎች ላይ በብዛት የምናገኘው ቅደም ተከተል 30 ዲግሪ፣ ከዚያ 50፣ በመጨረሻም 80 ዲግሪ የሚል ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ገጹን በቀስታ ለማድረቅ የታሰበ ነው። ለስኮትላንድ ባሕር ዳርቻ ይህ መልካም ምክር ነው። በመጋቢት ወር ጋምቤላ ላይ ግን 30 ዲግሪ ማለት እሳት ከመለኮሱ በፊት ያለፍነው ቁጥር ነው፤ የመጀመሪያው ደረጃ እሳት አያስፈልገውም፤ ጥላና ነፋስ ይበቃዋል፤ ሰዓቱም ማጠር አለበት። በክረምት ደግሞ ጉዳዩ ይገለበጣል። የውጭው አየር በእርጥበት የተሞላ ስለሆነ ያለ እሳት ምንም አይደርቅም፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ መካከለኛ እሳትና በደንብ የተከፈተ የጭስ መውጫ ያስፈልጋል። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ምድጃ፣ ሁለት ልዩ ልዩ ሥርዓቶች ማለት ነው። መመሪያ ስንተረጉም የአየሩን ጠባይ አብረን መተርጎም እንዳለብን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ከሙቀቱም በፊት የሚቀድም አንድ ነገር ስላለ ባጭሩ ላንሣው፤ እርሱም ውፍረት ነው። ውኃ በሥጋ ውስጥ የሚጓዘው በቀስታ ነው፤ የሚወስደውም ጊዜ በውፍረቱ ካሬ መጠን ያድጋል። ውፍረቱ በእጥፍ ሲጨምር ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። አንድ ትልቅ ናይል ፐርች እንዳለ ተሰቅሎ እንዲደርቅ መጠበቅ ከንቱ ነው። ተሰንጥቆ፣ እንደ ቋንጣ ተዘልዝሎ፣ ጨው ተነክሮ መግባት አለበት። ቋንጣን የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ለመረዳት ሒሳብ አያስፈልገውም።

አሁን ምድጃውን እንለኩስ። ከሰሉ በርሜሉን ሞልቶ ከዳር እስከ ዳር አይቀጣጠልም። በአንድ በኩል ብቻ ይደረደራል፤ ዓሣው በሌላው በኩል ይሆናል። ለረጅም ሥራ የሚመረጠው ከሰሉን በግድግዳው ጥግ ለጥግ እንደ እባብ በአንድ ረድፍ ደርድሮ አንዱን ጫፍ ብቻ መለኮስ ነው፤ እሳቱ እንደ ክር ቀስ እያለ ይጓዛል፤ በማንኛውም ሰዓት የሚነደው ከሰል ጥቂት ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ሙቀቱን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ሆኑ ማለት ነው፤ በአንድ ጊዜ ምን ያህል ከሰል ነዷል፣ ምን ያህልስ አየር ደርሶታል። የመጀመሪያውን በአደራደር ወሰንነው። ሁለተኛውን በታችኛው ቀዳዳ እንወስነዋለን። የላይኛው መውጫ ግን ሙቀት ለመቀነስ ተብሎ አይዘጋም። እርሱ ሲዘጋ ከዓሣው የወጣው ተን መሄጃ ያጣል፣ ጭሱም ረግቶ በዓሣው ላይ መራራ ጥቀርሻ ያለብሳል።

ተማሪዎች ከሁሉ በላይ የሚቸገሩበት ግን መጠበቅ ነው። የታችኛው ቀዳዳ ሲጠብብ ሙቀቱ ወዲያው አይወርድም። ብረቱ፣ ድንጋዩ፣ ፍሙ ራሱ ሙቀት አከማችተዋል፤ ለውጡ በቴርሞሜትሩ ላይ እስኪታይ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ትዕግሥት ያጣ ሰው በዚህ መካከል እንደገና ያጠብበዋል፤ ከዚያ ሁለቱም ለውጦች አንድ ላይ ይደርሱና እሳቱ ይሞታል። ደንግጦ ይከፍተዋል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ 120 ዲግሪ ላይ ነው። የምህንድስና ተማሪዎች ይህን ነገር በቁጥጥር ሥርዓት ትምህርት ላይ መወዛወዝ በሚል ስም ተምራችሁታል፤ የከሰል ምድጃ በገንዘብ ከማይገዛ ቤተ ሙከራ ይስተካከላል። ደንቡ አጭር ነው፦ በጥቂቱ ለውጥ፣ ጠብቅ፣ ከዚያ እይ። ሁለተኛው ደንብ ደግሞ ወደሚፈለገው ሙቀት ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ መቅረብ ነው። ምድጃን ማሞቅ ቀላል ነው፤ የሞቀን ምድጃ ማቀዝቀዝ ግን አስቸጋሪ ነው።

ክዳኑን እየከፈቱ ማየትም የዚሁ ትዕግሥት ማጣት ወገን ነው። ሲከፈት ሙቀቱ ይወርዳል፤ ሰው "ቀዘቀዘ" ብሎ ያስባል። በዚያው ቅጽበት ግን ፍሙ የጠገበውን አየር አግኝቷል፤ ክዳኑ ሲመለስ ሙቀቱ ከቀድሞው በላይ ይወጣል። ከአራትና ከአምስት ሰዓት ሥራ በኋላ ያለ ምክንያት ሙቀቱ መውረድ ከጀመረ ደግሞ በመጀመሪያ የሚታየው ከሰሉ ሳይሆን አመዱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ታችኛውን ቀዳዳ የደፈነው እርሱ ነው። በመጨረሻም ቴርሞሜትሩ የሚሰካው በክዳኑ ጉልላት ላይ ሳይሆን ከዓሣው ጎን፣ በዓሣው ከፍታ ነው፤ በሁለቱ ቦታዎች መካከል የብዙ ዲግሪ ልዩነት ሊኖር ይችላል።

ገጹ ደርቆ፣ ክብደቱ በሚገባ ከቀነሰ በኋላ የመጨረሻው ደረጃ ይመጣል። ውኃው ስለቀነሰ የላቡ ማቀዝቀዝ ደክሟል፤ አሁን የአየሩ ሙቀት ወደ ሥጋው ይገባል። ለማብሰል የሚደረግ ማጠን ላይ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን የሚጠይቀው የዓሣው መሐል ቢያንስ 63 ዲግሪ ገደማ ደርሶ ለ30 ደቂቃ እንዲቆይ ነው። ይህ ቁጥር የአየሩ ሳይሆን የዓሣው መሐል ሙቀት መሆኑን ደጋግሜ አሳስባለሁ። ይህን ለማወቅ ቀጭን መርፌ ያለው ቴርሞሜትር በወፍራሙ ዓሣ ውስጥ መሰካት ግድ ነው።

ስለ ጭሱ ደግሞ። ጭስ ሽታ ብቻ አይደለም። በደጋው የወተት ዕቃ በወይራ የሚታጠነው ለመዓዛው ብቻ እንዳልሆነ፣ ጭሱ የያዛቸው ፊኖሎች ተሕዋስያንን እንደሚገቱ ታውቋል። እንጨት ግን እንደተቃጠለበት ሙቀት የሚሰጠው ጭስ ይለያያል። ከ300 እስከ 400 ዲግሪ በሚሆን ሙቀት በአየር እጥረት ሲጨስ መልካሙን ይሰጣል፤ ሙቀቱ ከዚህ በላይ እየጨመረ ሲሄድ ቤንዞፓይሪን የተባለው ካንሰር አምጪ ውሁድና ዘመዶቹ እየበዙ ይሄዳሉ። የሚንበለበል እሳት የዚህ ምንጭ ነው፤ የዓሣ ስብ በፍም ላይ ሲንጠባጠብ ደግሞ ሌላ ምንጭ ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት ከመስከረም 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጭስ በታጠነ ዓሣ ውስጥ የሚፈቅደው ቤንዞፓይሪን በኪሎግራም 2 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ቀድሞ 5 ነበር። የምዕራብ አፍሪካ አጣኞች በዚህ ምክንያት ገበያ ሊያጡ ሲሉ፣ በሴኔጋል ቲያሮይ የሚገኘው የዓሣ ሀብት ማሠልጠኛ ማዕከልና የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ምድጃ አዳበሩ። ፍሙ ለብቻው፣ ጭሱ ለብቻው ይዘጋጃል፤ ከዓሣው ሥር ስብ የሚቀበል ትሪ አለ። ምስጢሩ በአንድ ቃል ሲነገር፣ ስቡ ከፍሙ እንዳይገናኝ ማድረግ ነው። እኛ ከሰሉን በበርሜሉ አንድ በኩል፣ ዓሣውን በሌላው በኩል ስናደርግ የምንከተለው ይህንኑ መርሕ ነው፤ ትሪው ደግሞ ከአሮጌ ቆርቆሮ ይሠራል።

ለጭስ የሚሆነው እንጨት የደረቀና ሙጫ የሌለው ጠንካራ እንጨት ነው። በከተማችን በየግቢው ያለው ማንጎ ሲገረዝ የሚጣለው ቅርንጫፍ ለዚህ ይበጃል። ጥድ አይሆንም። ከሰልን በፌስታል ወይም በላስቲክ የመለኮስ ልማድ ግን በዚህ ሥራ ላይ ፈጽሞ መቅረት አለበት።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ጥፋት ይሆንብኛል። አየር በመቀነስ የምንቆጣጠረው እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድን አብዝቶ የሚያመነጭ እሳት ነው። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ከሰል አስገብተው በር ዘግተው የተኙ ሰዎች ሞት በየዓመቱ የምንሰማው ዜና ነው። እስካሁን ያመሰገንኩት ክዳን በደጅ፣ ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ ብቻ የሚመሰገን ነው። ዝናብ መጣ ተብሎ ምድጃው ወደ ቤት አይገባም። በዳስ ሥር የሚሠራ ከሆነም ዳሱ ግድግዳ የሌለው ይሁን። በዚህ ሥራ ላይ ቀኑን የሚውሉት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ሕፃናትም አብረዋቸው ናቸው። ክዳን ያለው ምድጃ ለእነርሱ የሚያስገኘው ትልቁ ጥቅም ምናልባት ከዓሣው ጥራት ይልቅ ቀኑን ሙሉ ከጭሱ ሥር አለመዋል ነው።

ስለ ማገዶው አንድ ሒሳብ ሠርተን ወደ ጥያቄዎች እንሂድ። 10 ኪሎግራም የተጠረገ ዓሣ ከክብደቱ 75 በመቶው ውኃ ነው እንበል። ደርቆ የቀረው ውኃ 25 በመቶ እንዲሆን ከፈለግን 6.7 ኪሎግራም ያህል ውኃ መውጣት አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው ሙቀት 16 ሜጋጁል ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ጥሩ ከሰል ወደ 30 ሜጋጁል ስለሚሰጥ፣ በንድፈ ሐሳብ ግማሽ ኪሎ ከሰል በቂ ነው ማለት ነው። በክፍት እሳት ላይ የምትሠራ እናት ለዚህ ያህል ዓሣ ስንት ሸክም እንጨት እንደምታነድ የምታውቁ አላችሁ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት በሙሉ ሰማይ ያሞቀ ሙቀት ነው። በተግባር ግማሽ ኪሎው ላይ አንደርስም፤ ጥሩ ምድጃም ቢሆን ብዙ ያባክናል። ነገር ግን ክፍተቱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ማወቅ ለምርምር ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች መልካም መነሻ ነው።

 ጥያቄ ካለ ልቀበል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ላይ የተለማመድኩትን የአየር ቀዳዳ ልክ እዚህ ስጠቀም እሳቱ ይበረታብኛል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ ጋምቤላ 500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚያ ያለው የአየር ግፊት ከእኛው በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ዓይነት ቀዳዳ የሚገባው ኦክስጂንም ያነሰ ነው። እዚህ ቀዳዳውን ጠበብ አድርገው ይጀምሩ። ውኃም በዚያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ፣ እዚህ በ98 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ቴርሞሜትርዎን በፈላ ውኃ ሲፈትሹ 100 ማሳየት አለበት ብለው አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ እኔ የምሠራው ከእናቴ ጋር በወንዙ ዳር ነው። ቴርሞሜትር የለንም። በእጃችን ሙቀቱን እንገምታለን። ይህ ይበቃል ወይ?

መልስ፦ እጅ የሚያውቀው የፍሙን ጨረር ነው እንጂ የዓሣውን መሐል አይደለም፤ ቢሆንም እሳቱ ዛሬ ከትናንት በርትቷል ወይስ ደክሟል የሚለውን በደንብ ይነግራል፤ አትተዉት። መሐሉ መብሰሉን ለማወቅ ግን የመርፌ ቴርሞሜትሩ ምትክ የለውም፤ አንዱን ለብዙ አጣኞች በጋራ መግዛት ይቻላል። መድረቁን በተመለከተ እንዲያውም ቴርሞሜትር የማይነግራችሁን የሚነግር መሣሪያ በእጃችሁ አለ፤ የገበያ ሚዛን። ከመታጠኑ በፊት ከየረድፉ አንድ ዓሣ ምልክት አድርጋችሁ መዝኑ። አንድ ኪሎ የነበረው ወደ 330 ግራም ገደማ ሲወርድ ቀደም ብለን ያሰላነው 25 በመቶ ላይ ደርሷል። ገጹ ደርቆ እያለ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ላይ ከቆመ ቅርፊት ሠርቷል ማለት ነው፤ እሳቱን ዳፍናችሁ፣ ዓሣውን ከእሳት አርቃችሁ ጥቂት ሰዓት አሳርፉት፤ የውስጡ ውኃ ወደ ገጹ ሲመጣ ገጹ ይለሰልሳል፤ ያን ጊዜ እንደገና በቀስታ ጀምሩ። ከማጠራቀማችሁ በፊት ደግሞ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ፤ ትኩስ ዓሣ በከረጢት ከታሰረ ያላባል። በክረምት በየጥቂት ቀኑ አውጥታችሁ መዝኑት። ክብደት ከጨመረ ከአየሩ ውኃ ጠጥቷል፤ ወደ ምድጃው ይመለስ።